ግራንድ ሪቪዬር፦ ጨለማ የሚያስፈልገው የባሕር ዳርቻ

የካሪቢያን ባሕር ሲነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚሣለው ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አሸዋ፣ ወለሉ ድረስ የሚታይ ሰማያዊ ውኃ፣ ወደ ባሕሩ ያዘመመ የኮኮናት ዛፍ። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። በብዙ ደሴቶች በእርግጥ ይገኛል፤ ታላላቆቹ ሆቴሎችም እሱኑ ተከትለው ተሠርተዋል። ዛሬ አንባቢያንን ይዘን የምንጓዝበት የባሕር ዳርቻ ግን ከዚህ ሥዕል ጋር እምብዛም አይገጥምም። አሸዋው ቡናማና ሻካራ ነው። ውኃው በዝናብ ወራት ወደ አረንጓዴ ያደላል። ማዕበሉ ኃይለኛ በመሆኑ ለዋና አይመችም። ርዝመቱም አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ካሉት የባሕር ኤሊ መውለጃዎች መካከል እንደዚህ ጠባብ በሆነ ቦታ ይህን ያህል ብዛት ያላቸው ግዙፍ ኤሊዎች የሚወጡበት ስፍራ ከስንት አንድ ነው። ስሙ ግራንድ ሪቪዬር ይባላል።

ወደ መንገዱ መጨረሻ

ግራንድ ሪቪዬር የሚገኘው በትሪኒዳድ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ወደ ምሥራቁ ማዕዘን ጠጋ ብሎ ነው። ትሪኒዳድ ከእኅቷ ከቶቤጎ ጋር አንድ ሪፐብሊክ የመሠረተች ደሴት ናት። በ1966 (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጃማይካ ከመሻገራቸው በፊት ጎብኝተዋታል። የጃማይካው አቀባበል ዓለም ያወቀው ሆነና የትሪኒዳዱ ጉብኝት በእኛም ዘንድ ብዙም አይነሣም።

ደሴቲቱን ከቬንዙዌላ የሚለያት ባሕር በጠባቡ ቦታ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሥነ ምድር ረገድ ሲታይ ትሪኒዳድ ከደቡብ አሜሪካ የተቆረሰች ቁራሽ ናት፤ በሰሜኗ የተዘረጋው የተራራ ሰንሰለትም የቬንዙዌላ ጠረፍ ተራሮች ተከታይ ነው። የአሸዋው ቡናማነት ምክንያቱ ከዚህ ይመነጫል። የካሪቢያን ነጭ አሸዋ በአብዛኛው የኮራልና የዛጎል ስባሪ ሲሆን፣ የግራንድ ሪቪዬር አሸዋ ግን ከተራሮቹ ተፈረካክሶ በወንዝ የወረደ የድንጋይ ፍርፋሪ ነው። የውኃው አረንጓዴነትም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው። ታላቁ የኦሪኖኮ ወንዝ ደለሉንና ጨው አልባ ውኃውን ወደ ባሕር ሲያፈስስ ድርሻው እስከ ትሪኒዳድ ጠረፎች ይደርሳል።

ከዋና ከተማው ከፖርት ኦፍ ስፔን ተነሥቶ ወደ ስፍራው ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ርቀቱ አጭር ይምሰል እንጂ መንገዱ ጠመዝማዛ በመሆኑ ሦስት ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። መንገዱ በምሥራቁ ጠረፍ ወጥቶ በቶኮ በኩል ይዞርና ሰሜኑን ጠረፍ ይይዛል። ከግራንድ ሪቪዬር ጥቂት አለፍ ብሎ ማትሎ በምትባል መንደር ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጫካና የእግር መንገድ ብቻ ነው። ከፖርት ኦፍ ስፔን በኩል የሚመጣው የሰሜን ጠረፍ መንገድ ብላንሺሴዝ ላይ ይቆማል፤ የሁለቱን ጫፎች መካከል የሚያገናኝ መኪና መንገድ እስከ ዛሬ አልተሠራም። የመንደሩ ጸጥታ ትልቁ ምሥጢር ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ነዋሪዎቹ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የመንደሩ ስም በፈረንሳይኛ «ታላቅ ወንዝ» ማለት ሲሆን፣ ደሴቲቱ ገና በስፔን እጅ ሳለች በ1783 በወጣ አዋጅ ተጋብዘው የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ተካዮች በአካባቢው የተዉት ቋንቋ ቅሪት ነው። ካካዎ እዚህ ለረጅም ዘመን የኑሮ መሠረት ነበር። የቸኮሌት ባለሙያዎች «ትሪኒታሪዮ» የሚሉት ዝነኛ የካካዎ ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚችው ደሴት ነው። ከ1928 በኋላ የካካዎ በሽታ እርሻዎቹን ሲያጠቃና ገበያው ሲወድቅ ብዙው መሬት ወደ ጫካነት ተመለሰ። ዛሬ ማለዳ ወደ ኮረብታው የሚወጣ ጎብኚ በዚህ ጫካ ውስጥ ከትሪኒዳድ በስተቀር በየትም የማይኖረውንና ለመጥፋት የተቃረበውን ፓዊ የተባለ ወፍ የማየት ዕድል አለው። እኛ ግን የመጣነው ለሌሊቱ ነውና ወደ ባሕሩ እንመለስ።

ድንጋይ የሌላት ኤሊ

ወደዚህ ዳርቻ የምትወጣው ኤሊ በእንግሊዝኛ ሌዘርባክ ትባላለች፤ እኛ ቆዳ ጀርባ እንበላት። በሳይንሳዊ ስሟ ዴርሞኬሊስ ኮሪያሲያ ናት። ኤሊ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን በተለምዶ «ድንጋይ» የምንለው ደረቅ ቅርፊት ነው። ቆዳ ጀርባ ይህ የላትም። ጀርባዋ ጎማ በሚመስል ቆዳ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከቆዳው ሥር በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አጥንቶች እንደ ሞዛይክ ተገጣጥመው ተደርድረዋል። በጀርባዋ ላይ ከራስ ወደ ጭራ የሚወርዱ ሰባት ሸንተረሮች አሉ፤ ቅርጿም ውኃን ለመሰንጠቅ ይመቻል። ለመውለድ የምትወጣ እንስት ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 500 ኪሎ ግራም ትመዝናለች። በ1988 በዌልስ ጠረፍ ሞቶ የተገኘ አንድ ወንድ 916 ኪሎ ግራም መዝኗል።

ሳይንቲስቶችን እጅግ ያስገረመው ግን ክብደቷ አይደለም። የሚሳቡ እንስሳት የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢው ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ በትምህርት ቤት ተምረናል። ቆዳ ጀርባ ግን ሙቀቱ 7.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውኃ ውስጥ ሆና የሰውነቷን ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ ጠብቃ ተገኝታለች። ይህን የምታደርገው በሦስት መንገድ ነው። ግዙፍነቷ ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ያግዛታል፤ ከቆዳዋ ሥር ወፍራም የስብ ሽፋን አለ፤ በመቅዘፊያ እግሮቿ ሥር ደግሞ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥሮች ተጠጋግተው ስለሚያልፉ ወደ ውጭ የሚሄደው ሞቃት ደም የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም ያሞቀዋል። በዚህም ምክንያት ሌሎች የባሕር ኤሊዎች ወደማይደፍሩት ቀዝቃዛ ባሕር ትገባለች። በትሪኒዳድ ምልክት የተደረገባቸው ኤሊዎች በካናዳ ጠረፍ ታይተዋል፤ በሳተላይት ከተከታተሏቸው መካከልም አትላንቲክን ተሻግረው ወደ ምዕራብ አፍሪካ ባሕር የደረሱ ነበሩ። ከ1,200 ሜትር በላይ ጠልቃ እንደምትወርድም ተመዝግቧል።

ይህን ሁሉ ጉዞ የምታደርገው ለምግብ ሲሆን፣ ምግቧ ከሞላ ጎደል ውኃ የሆነው ጄሊፊሽ ነው። አንሸራታቹ ምግብ እንዳያመልጣት ጉሮሮዋ ወደ ውስጥ ባዘነበሉ እሾህ መሰል ነገሮች ተሞልቷል። አንዴ የገባ አይመለስም፤ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ከረጢትም እንደዚሁ ነው። በ2009 የታተመ ጥናት የ408 የሞቱ ቆዳ ጀርባዎችን የምርመራ መዝገብ አሰባስቦ ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ መገኘቱን አመልክቷል።

ለምን ይህን ዳርቻ?

አትላንቲክን የምታቋርጥ እንስሳ ከካሪቢያን ባሕር ውብ ዳርቻዎች ሁሉ አልፋ ይህን ሻካራ አሸዋ መምረጧ ለምንድን ነው? መልሱ ለመዝናኛ የማይመቸውን ነገር ሁሉ መልሰን ስንመለከት ይገኛል። ነጩ አሸዋ ባለበት ብዙውን ጊዜ የኮራል ድንጋይ አለ፤ ሆዷ ለስላሳ የሆነ ይህን ያህል ክብደት ያላት ኤሊ ደግሞ በኮራል ላይ ብትሳብ ትቆስላለች። ግራንድ ሪቪዬር ከፊቱ ኮራል የለውም። ወለሉ ቶሎ ይጠልቃል፤ ዳርቻው ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ዋናተኛውን የሚያስፈራው ኃይለኛ ማዕበል ለእሷ ግማሽ መንገድ የሚሸከም ረዳት ነው። ሻካራው አሸዋም በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት ስላለው ለእንቁላሎቹ ኦክስጂን ያስገባል፤ የዝናቡንም ውኃ ቶሎ ያሳልፋል።

የቀረው ጨለማው ነው። ከእንቁላል የወጡ ጫጩቶች ሌሊት ወደ ባሕር የሚያመሩት ብሩህ የሆነውን አድማስ ተከትለው ነው። ሰው በሌለበት ዓለም ሌሊት ከጫካው ይልቅ የከዋክብትንና የጨረቃን ብርሃን የሚመልሰው ባሕር የበለጠ ይበራል። ይህ መመሪያ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሳይሳሳት ሠርቷል። ከበስተኋላቸው አንድ አምፖል ሲበራ ግን ጫጩቶቹ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። እዚያም መኪና፣ ውሻ ወይም የማለዳው ፀሐይ ይጠብቃቸዋል። ለመውለድ የምትመጣዋም እናት ብርሃንና እንቅስቃሴ ካየች ሳትወልድ ወደ ባሕር ልትመለስ ትችላለች። እንግዲህ ጎብኚው «ጸጥ ያለ ስፍራ» የሚለው ነገር ለኤሊዋ እንደ አሸዋው ሁሉ አስፈላጊ ነው። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ጎብኚው ራሱ ሲበዛ ያንኑ ጸጥታ መውሰዱ ነው።

በቀይ ብርሃን

በመውለጃው ወቅት፣ ይኸውም ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31፣ ዳርቻው ሌሊት ያለ ፈቃድና ያለ አስጎብኚ አይገባበትም። ጎብኚዎች በጥቂት በጥቂቱ ተከፍለው በመንደሩ ወጣቶች መሪነት ይወርዳሉ። አስጎብኚው የሚይዘው ባትሪ ቀይ ነው። የባሕር ኤሊዎች ዓይን ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ብርሃን የላቀ ስሜት ሲኖረው፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ600 ናኖ ሜትር በላይ የሆነውን ቀዩን ግን በደካማው ነው የሚያየው። የካሜራ ብልጭታ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ኤሊዋ ከማዕበሉ ስትወጣ በመጀመሪያ የምትታየው እንደ ጥቁር ቋጥኝ ነው። በውኃ ውስጥ ክብደት አልነበራትም፤ በየብስ ላይ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ትግል ነውና እያረፈች፣ እየተነፈሰች ትሳባለች። ቦታ ከመረጠች በኋላ በፊት እግሮቿ አሸዋውን ወደ ኋላ ትበትናለች። ከዚያም በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ በዝምታ ተውጠው የሚቀሩት ይህን ሲያዩ ነው። አንዱ እግር እንደ ጭልፋ ታጥፎ አሸዋ ያወጣል፣ በጎን ያስቀምጣል፤ ሌላው ይከተላል። ጉድጓዱ 70 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር እስኪጠልቅ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብላ አታየውም። መቅረብ የሚፈቀደው እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት በዙሪያዋ ለሚሆነው ነገር እምብዛም ትኩረት አትሰጥም። ከዓይኗ የሚወርደውን ወፍራም እንባ ያዩ ሁሉ ምጥ ነው፣ ሐዘን ነው ይላሉ። እንባው ግን ከዓይኗ አጠገብ ያለው ዕጢ ከሰውነቷ የሚያስወግደው ትርፍ ጨው ነው፤ በባሕር ውስጥም ሳለች ሲወርድ የሚኖር ነው።

በአንድ ጊዜ የምትጥለው 80 ያህል አስኳል ያላቸው እንቁላሎችና 30 ገደማ አስኳል የሌላቸው ትንንሽ እንቁላሎች ነው። ጉድጓዱን ትደፍናለች፤ በላዩም እየተዟዟረች አሸዋውን በመበታተን ትክክለኛውን ቦታ ትሰውራለች። ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና ትመጣለች፤ በአንድ ወቅት አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት አትታይም።

ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው። ጾታቸውን የሚወስነው ክሮሞሶም ሳይሆን የአሸዋው ሙቀት ነው። በጽንሱ ዕድገት መካከለኛ ጊዜ የጎጆው ሙቀት 29.5 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ወንድና ሴት ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴቶቹ ይበዛሉ፣ ሲቀዘቅዝ ወንዶቹ። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ጽንሶቹ ይሞታሉ። ስለዚህ በዓለም ሙቀት መጨመር ላይ የሚደረገው ክርክር በዚህ አሸዋ ውስጥ የጥቂት ዲግሪ ጉዳይ ነው።

ሲበዙ የሚጎዳዱ፣ ሲያንሱ የሚያሳስቡ

በወቅቱ ከፍታ፣ በሜይና በጁን፣ በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤሊዎች በዚህች ጠባብ ዳርቻ ይወጣሉ። ይህ ሲሰማ የሚያስደስት ቢሆንም የራሱ ችግር አለው፤ ኋላ የመጣችው የፊተኛዋን ጎጆ ትቆፍራለች። ጎህ ሲቀድ በአሸዋው ላይ የተበተነ እንቁላል ይታያል፤ ጥንብ አንሣዎችና ውሾችም ይሰበሰባሉ። የተበላሸው እንቁላል ባክቴሪያና ሻጋታ እያራባ ደህናውንም ይበክላል።

ከዚህም በላይ ለመንደሩ ስም የሰጠው ወንዝ አለ። ወንዙ በዝናብ ወራት ሲሞላ አፉን ይለውጣል፤ አንዳንዴ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ እየፈሰሰ ጎጆዎችን ይጠርጋል። በጁላይ 2012 ወንዙ ዳርቻውንና በአጠገቡ ያሉትን ሕንጻዎች መሸርሸር ስለ ጀመረ አቅጣጫውን ለመመለስ ቡልዶዘሮች ወደ አሸዋው ገቡ። ጊዜው የመፈልፈያ ወቅት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችና ጫጩቶች ተደፈጠጡ፤ የጥፋቱ ፎቶግራፎችም በዓለም ተሠራጩ። ቁጥሩ 20,000 ይደርሳል የሚል ግምት ወጥቶ ሲያከራክር ቆይቷል። ወንዙ ቢተውም ከእነዚያ ጎጆዎች ብዙዎቹን ይወስድ እንደነበር የተናገሩም አልጠፉም። በእኛ አስተያየት ግን ወንዙ ለብዙ ሳምንታት እየቆራረሰ የሚወስደውንና ማሽን በአንድ ቀን የሚያጠፋውን አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። ሥራው ጫጩቶቹ ከመውጣታቸው በፊት ወይም ከወጡ በኋላ ሊደረግ የሚችልበት የቀን መቁጠሪያ በመንደሩ ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነበር።

ይህን የምንልበት ምክንያት አለን። የመንደሩ ሰዎች ከኤሊዋ ጋር ያላቸው ግንኙነት በአንድ ትውልድ ዕድሜ ተለውጧል። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በትሪኒዳድ ምሥራቅና ሰሜን ዳርቻዎች ኤሊ ለሥጋዋ ትታረድ ነበር። በ1990 በማቱራ የሚገኘው ዳርቻ የተከለለ ሲሆን፣ ኔቸር ሲከርስ የተባለው የመንደርተኞች ማኅበርም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። ግራንድ ሪቪዬር በ1997 ተከለለ፤ ወጣቶቹም የራሳቸውን የአስጎብኚዎች ማኅበር አቋቁመው ሌሊቱን ይጠብቁ ጀመር። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ኤሊ ማጥመድ እስከ 2011 ሕጋዊ ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዓመት ዓመቱን ሙሉ ተከለከለ።

ኤሊዋ በየብስ ላይ ጠባቂ ብታገኝም በባሕር ላይ ገና አላገኘችም። ዓሣ አጥማጆች ሌሊት እንደ መጋረጃ የሚዘረጉት መረብ ከዳርቻው ፊት ለፊት ይቆማል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተደረገ ግምት በትሪኒዳድ ዙሪያ በዓመት 3,000 ያህል ቆዳ ጀርባዎች ይያዙበት ነበር። መተንፈስ ያልቻለች ትሰጥማለች፤ ዓሣ አጥማጁም የኑሮው መሠረት የሆነው መረብ ይቀደድበታል። በዚህ ነገር የሚጠቀም ማንም የለም፤ መፍትሔው ግን ሌላ ዓይነት ማጥመጃ መግዛትን ስለሚጠይቅ ቀላል አይደለም። በ2018 የሰሜን ምዕራብ አትላንቲክን የጎጆ ቆጠራዎች በአንድነት የመረመሩ ባለሙያዎች ቁጥሩ እየቀነሰ መሄዱን አሳይተዋል። በቀጣዩ ዓመት ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዚህ ክፍል ያሉትን ቆዳ ጀርባዎች የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው መካከል መደባቸው። በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤሊዎችን ያየ ጎብኚ ይህን ሲሰማ ማመን ይቸግረዋል።

መቼ መሄድ ይሻላል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሁለቱንም ለማየት የሚመቸው ጁን ነው፤ እናቶቹ ገና መውለዳቸውን አላቆሙም፣ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶችም መውጣት ጀምረዋል። ጫጩቶቹ በብዛት የሚወጡት አመሻሹ ላይ አሸዋው ሲቀዘቅዝ ነው። በማለዳ ወጥተው ፀሐይ የደረሰችባቸውን መንደርተኞቹ ከጥንብ አንሣዎቹ ቀድመው ይሰበስቡና እስኪመሽ በጥላ ያቆዩአቸዋል። ሲለቋቸው በእጅ ወስደው ውኃ ውስጥ አይጥሏቸውም። ከማዕበሉ ጥቂት ሜትር ራቅ አድርገው በአሸዋው ላይ ያኖሯቸዋል፤ በእግራቸው መሄዳቸው የትውልድ ዳርቻቸውን ለይተው እንዲያውቁ ይረዳቸዋል ተብሎ ይታመናልና። አስጎብኚው በዚያ ሰዓት ቀዩንም ባትሪ ያጠፋዋል።